ሰሊዬ፣ አንድ ጥያቄ ይዤልሽ መጣሁ

ሰሊዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? እማማስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ጠፋሁብሽ፣ አውቃለሁ። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ፤ ከዚያ ደግሞ ምን ብዬ ልጀምር የሚል ሐፍረት መጣ። ይቅር በይኝ። ስንገናኝ እንደ ልብሽ ትቆጪኛለሽ። አንቺንም እኮ የአዳማ ንፋስ ይዞሽ ሄደ እንዴ ያሰኛል! በይ ይሄን እንተወው፤ የምነግርሽ ነገር አለኝ።

ዘንድሮ ሚኒ ሚዲያውን እኔ ተረከብኩት። አዎ፣ ያንኑ። ስፒከሩ አሁንም ይጮኻል። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» የምንለው ሰዓት አለን፣ ያኔ አንቺ ታነቢው እንደነበረው። መጀመሪያ ሰሞን የሰማይ የሰማዩን ነበር የማወራላቸው። ቬነስ ላይ ቀኑ ከዓመቱ ይረዝማል አልኳቸው፤ ፀሐይን ለመዞር 225 የምድር ቀናት ሲበቋት፣ በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመዞር ግን 243 ቀናት ይፈጅባታል። መብረቅ አየሩን ወደ 30 ሺህ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቀዋል፣ የፀሐይ ገጽ ራሱ የዚህን አንድ አምስተኛ ያህል ነው አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ። በቃ፣ ወደ ክፍል ገቡ።

አንድ ሰኞ ግን የአባ ኮዳን እግር አነሳሁ። እነዚያ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ሲበለት ተሰብስበው የሚጠብቁት፣ ነጭ ካልሲ ያደረጉ የሚመስሉት ትልልቅ ወፎች። እግራቸው ነጭ አይደለም፣ ጠቆር ያለ ነው። ያነጣው የገዛ ኩሳቸው ነው። ሙቀት ሲበረታባቸው እግራቸው ላይ ይለቁበታል፤ እርጥበቱ ሲተን ሰውነታቸውን ያቀዘቅዝላቸዋል። ሰሊ፣ ሰልፉ ፈረሰ! ሳቁ፣ ጩኸቱ! በማግስቱ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ሐይቁ ዳር ሄደው አይተው መጡ። አንዷ እያለከለከች «ቲቸር፣ ዝናብ ያጠበው አንድ አለ፤ እግሩ እውነትም ጥቁር ነው» አለችኝ። ሄዳ አየች እኮ! እኔ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን እሷ በዓይኗ አረጋገጠችው።

ከዚያ ወዲህ ከሐይቁ አልራቅንም። ጉማሬ ውሃ ውስጥ የምር እንደማይዋኝ፣ መሬቱን እየረገጠ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ከቆዳው የሚወጣው ቀላ ያለ ፈሳሽም ደም ሳይሆን ከፀሐይ የሚከላከልለት ነው አልኳቸው። ቀጥሎ ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ መጣች። እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች ብዬ ሳነብ ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። አባቱ ዓሣ አስጋሪ ነው። ክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። «ቲቸር፣ እኔ አውቃለሁ። ከመረብ ስናላቅቃት ትተፋቸዋለች፤ ቢጫ ናቸው። አንዳንዴ ደግሞ የተፈለፈሉ ትናንሽ ዓሣዎች ይወጣሉ» አለ። ማይኩን ሰጠሁት። ጫጩቶቹ ሲደነግጡ ተመልሰው እናታቸው አፍ ውስጥ እንደሚገቡ እሱው አስረዳ። እኔ የጨመርኩት እናቲቱ በዚያ ሰሞን እህል አትቀምስም ማለት እንደሚቻል ብቻ ነው። ልጁ ሲናገር እንባዬ መጣ። ላንቺ ምን እደብቃለሁ? ባለፈው ክረምት ማስተማሩን ልተወው አስቤ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ግን ጠዋት እስኪነጋ ነው የምቸኩለው።

እና ጉዳዬ… ይኸውልሽ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ጽፌልሽ የምለምንሽ ነገር መኖሩ ይከነክነኛል። ግን ካንቺ ሌላ ማንን ልጠይቅ?

ያቺ የአባ ኮዳን እግር ያየችው ልጅ ናት። «ሐይቃችን የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ታዲያ ለምን እንደ ሻላና አብያታ ጨዋማ አልሆነም?» አለችኝ። ውሃው በመሬት ውስጥ ሰርጎ እየወጣ ጨዉንም ይዞት ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል አልኳት። በዚህ የምትለቅ መሰለሽ? በየትኛው ድንጋይ ነው የሚሰርገው? ማን አየው? በምን ይታወቃል? እኔ እዚያ ላይ አበቃሁ። ይሄ ያንቺ የጂኦሎጂስቷ እንጀራ ነው። ከተማችን ከነሐይቋ የተቀመጠችው በጥንት ዘመን ፈንድቶ በሰመጠ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ መሆኑን ስነግራቸው እግራቸው ስር ያለውን መሬት ነው ያዩት። እና ነይልኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ውስጥ፣ ደባሁ አካባቢ፣ መሬቱ በሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር የተራራቀበትን ታሪክ ካንቺ አፍ ይስሙት። ከቻልሽ ባልጩትና ያንን ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ድንጋይ ያዢላቸው። በባልዲ ውሃ ውስጥ ሲጥሉት ፊታቸውን ማየት እፈልጋለሁ።

ላንቺም አንድ አስቀምጫለሁ። የአዳማን አቧራ ስታማርሪ ትዝ ይበልሽ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ማርስ ላይ ፎቶ የተነሳው የአቧራ አውሎ 20 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይረዝም ነበር። የማርስ ንፋስ ግን ባለውለታም ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ስፒሪት የምትባለው ተሽከርካሪ የፀሐይ ኃይል መቀበያዋ አቧራ ለብሶ ኃይሏ ሲደክም፣ ንፋሱ ጠርጎላት በረታች።

ስለዚያ ሰውዬ አልጠይቅሽም። ስትመጪ ትነግሪኛለሽ… ካልፈለግሽም ይቅር። የምታርፊው እኔ ጋ ነው፤ ሆቴል የሚባል ነገር እንዳልሰማ። መምጣቱ ካልተመቸሽ ደግሞ በቴሌግራም ድምፅሽን ቅጂና እስከ ሐሙስ ላኪልኝ፤ አርብ ጠዋት በስፒከሩ አሰማቸዋለሁ። የልጅቷን ጥያቄ ግን አሳጥረሽ እንዳታልፊው። ድንጋዩን ከነስሙ ትፈልጋለች።

እማማን ሳሚልኝ።

ያንቺው ትዕግስት
ሐዋሳ