ገናን ያዳከመው አርሰናል አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ከአንባቢያን ዓምድ አንድ ወቀሳ አይጠፋም። የወሎ ወጣት የአርሰናልንና የማንቸስተርን ተቀያሪ ተጫዋች በስም እየጠራ የገና ዱላ አያያዝ አያውቅም፣ ባህሉን ከድቷል ይባላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ ደሴ ላይ ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ዘግይቶ የገባ ሰው መቀመጫ አያገኝም። ክህደት የሚለው ግን አይዋጥልኝም። ያው ልጅ እኮ የደሴ ከተማን ቡድን አሰላለፍም አይነግራችሁም፤ እሱ ደግሞ የባህል ጨዋታ ሳይሆን እግር ኳስ ነው። የተሸነፈው ገና ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ በሰዓቱ የማይገኝ ጨዋታ ሁሉ ተሸንፏል።

ይህን ክርክር ከእኛ ቀድማ እስከ ጥግ የወሰደችው አየርላንድ ናት። ሃርሊንግ የሚባል፣ በዱላና በትንሽ ኳስ የሚካሄድ፣ ከእኛው የገና ጨዋታ ጋር የሚቀራረብ ጨዋታ አላቸው። ጨዋታውን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክ ማኅበር ተርለስ በምትባል ከተማ በ1884 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። ማኅበሩ የእንግሊዝ የሚላቸውን እግር ኳስን፣ ራግቢን፣ ክሪኬትንና ሆኪን የተጫወተ ብቻ ሳይሆን የተመለከተን አባል ጭምር ያግድ ነበር። ተመልካች መስለው ስታዲየም እየገቡ ስም የሚመዘግቡ ሰላዮች ሳይቀር ነበሩት። በ1938 እ.ኤ.አ. የአገሪቱን ፕሬዚዳንት ዳግላስ ሃይድን እንኳ አልማረም። አየርላንድ ከፖላንድ ያደረገችውን የእግር ኳስ ግጥሚያ ተገኝተው በማየታቸው ከማኅበሩ የበላይ ጠባቂነት ሰረዛቸው። ፕሬዚዳንት የአገሩን ቡድን ለማየት ሄዶ ተቀጣ ማለት ነው!

እገዳው በ1971 እ.ኤ.አ. ተነሣ። የተፈራው ግን አልደረሰም። ዛሬ የማኅበሩ ዋና ስታዲየም ክሮክ ፓርክ 82 ሺህ ሰው ይይዛል፣ በሃርሊንግ ፍጻሜ ቀንም ይሞላል። ሃርሊንግ በ2018 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ያው ሕዝብ ደግሞ ሊቨርፑልንና ማንቸስተርን ከእኛ ባልተናነሰ ይከተላል። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎቻችን ኬቨን ሞራንን ያውቁት ይሆናል። ከደብሊን ጋር በ1976 እና በ1977 እ.ኤ.አ. በጌሊክ እግር ኳስ (ያው ማኅበር የሚመራው፣ በእጅም በእግርም የሚካሄድ የአየርላንድ ጨዋታ ነው) የመላ አየርላንድ ዋንጫ አንሥቶ በ1978 ኦልድ ትራፎርድ የገባ ተከላካይ ነው። ለሁለቱም ተጫወተ፣ የትኛውንም አልከዳም።

ታዲያ ሃርሊንግን ያቆየው ምንድን ነው? አንደኛው አጥቢያ ነው። ክለቡ የሚመሠረተው በደብር ነው፤ ልጁ ለተወለደበት ሰፈር ይጫወታል፣ ጎበዝ ከሆነ ለአውራጃው ይመረጣል። ደመወዝ የለም፣ ተጫዋች አይሸጥም። የአውራጃው ኮከብ ሰኞ ወደ መምህርነቱ ወይም ወደ እርሻው ይመለሳል። ሁለተኛው መሣሪያው ነው። ለስድስት ዓመት ሕፃን በቁመቱ ልክ የተሠራ ዱላ አለ፤ ከጎኑ ሲቆም ጫፉ ዳሌው ላይ ይደርሳል። ከዚያ የረዘመ ዱላ የያዘ ሕፃን በሁለት እጁ ጨብጦም መሬት ይቆፍራል እንጂ ኳስ አይመታም፤ በሳምንቱም ይሰለቸዋል። ሦስተኛው ደንብ ለመለወጥ አለመፍራታቸው ነው። ፊት የሚሸፍን የራስ ቁር ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ተጫዋች ግዴታ ሆኗል። ባህላችን ተነካ ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ዓይንና ጥርስ ግን ተረፈ።

እኛ ጋ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ታልፏል። ይህ አባባል ዛሬ ጨዋታውን እየጎዳው ነው ባይ ነኝ። ልጇ ጥርሱ ተሰብሮ የመጣባት እናት ትቆጣለች፣ መቆጣትም አለባት። በሚቀጥለው ዓመት ልጁን የማትልከው አርሰናልን ስለምትወድ አይደለም።

ከዱላው ልጀምር። ብዙ ስፍራ የሚበላሸው እዚህ ነው። አሁን የሚያዘው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቅርብና ቀጥ ያለ ስለሆነ። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ቆልማማ ለማድረግ ከጣውላ የተቆረጠው ደግሞ ይብሳል፤ የእንጨቱ ክር ቀጥ ብሎ ሄዶ ቆልማማው ላይ ስለሚቆረጥ በመጀመሪያው ጠንካራ ምት አንገቱ ላይ ይሰበራል። የአየርላንድ ዱላ ሠሪ የሚፈልገው አሽ (ash) ከሚባል ዛፍ ግንድ የታችኛውን ክፍል፣ ወደ ሥሩ ሲሰፋ የሚታጠፈውን ነው፤ ክሩ ራሱ ከዱላው ጋር ይታጠፋል። የእኛ አባቶችም ከወይራ ወይም ከክትክታ በተፈጥሮው የቆለመመ ቅርንጫፍ የሚመርጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ወይራ በዘፈቀደ መቁረጥ ግን ያስጠይቃል፣ ማስጠየቁም ተገቢ ነው። ከተገረዘ ቅርንጫፍ ወይም በንፋስ ከወደቀ ዛፍ መውሰድ ይበቃል። አየርላንዳውያንም ዛፋቸውን የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስለገባባቸው እንጨት ከውጭ ያስገባሉ፣ ቀርከሃም ይሞክራሉ።

ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ብቻ ካለ እርጥብ ሳለ በትኩስ አመድ ውስጥ አሙቆ ማጠፍ፣ በገመድ አስሮ ቅርጹን እስኪይዝ መተው ነው፤ ከዘራ ሠሪ የሚያደርገውን ማለቴ ነው። የተላጠው እንጨት በጥላ ስፍራ ቢያንስ ሁለት ወር ይቆይ። ፀሐይ ላይ ከተጣለ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሁለቱን የተቆረጡ ጫፎች በጭቃ ወይም በሰም መለሰን እርጥበቱ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ስለዚህ ለታኅሣሥ የሚሆን ዱላ መቆረጥ ያለበት በመስከረም ነው። እኛ ግን የምንቆርጠው ገና ሳምንት ሲቀረው ነው፤ እርጥብ ዱላ ከባድ ነው፣ ምቱን ይውጣል፣ ክንድ ያዝላል። ለአዋቂ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ መያዣው 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢሆን ይበቃል። መጨረሻ በጠርሙስ ስባሪ ይፋቅ፣ ቅቤ ወይም ዘይት ይጠጣ።

ሩሩ፣ ማለትም የገና ኳሱ፣ ሌላው ጣጣ ነው። ከእንጨት የተጠረበ ሩር የቅልጥም ጠላት ነው። የሃርሊንግ ኳስ ውስጡ ቡሽ፣ ላዩ ቆዳ ሲሆን ክብደቱ ከ110 እስከ 116 ግራም ነው፤ ይህን ልክ መዋስ ነውር አይመስለኝም። ጨርቅ በጣም ጠብቆ ይጠቀለል፣ ከጫማ ሠሪ የተረፈ የከብት ቆዳ ይልበስ፣ በወስፌ እየተበሳ በጫማ ክር ይሰፋ። ቆዳው ውኃ ነክቶ እርጥብ ሳለ ከተሰፋ ሲደርቅ ተሸማቆ ጨርቁን ያጠብቀዋል። በደረቁ ከተሰፋ በሁለተኛው ቀን ይላላል። ከመጠን በላይ ከታጨቀ ደግሞ ስፌቱ ይፈነዳል። የበግ ቆዳ አይሆንም፣ ስስ ነው። በወረኢሉና በደላንታ የታኅሣሥ ጠዋት ጤዛ ከባድ ስለሆነ ቆዳው ውኃ ይጠጣና ሩሩ በጨዋታ መካከል ይከብዳል፤ ሁለት ይዞ መቀያየር፣ ላዩንም ሞራ መቀባት ነው። ለትናንሽ ልጆች የቴኒስ ኳስ ይብቃቸው።

ሜዳው ላይ ብዙ አልልም። የታጨደ ማሳ የሚመች ይመስላል፤ የማሽላ ጉቶ ግን ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። የትምህርት ቤት ሜዳ ይሻላል። በወገን ከ12 ሰው አይብለጥ፤ ሰፈር ለሰፈር ብሎ ሃምሳ ሰው የሚገባበት ጨዋታ ለዓመት በዓል ድምቀት ይሆናል እንጂ ዳኛ አይዳኘውም። አንድ ነገር ግን በደንብ ይሠልጠን፤ ዱላ ከሚሰነዝር ሰው አንድ ሜትር ርቆ መቆም ከመጠጋት የበለጠ አደገኛ ነው። የዱላው ጫፍ ኃይሉ የሚበረታው እዚያ ርቀት ላይ ስለሆነ። ሃርሊንግ አሠልጣኝ መጀመሪያ የሚያስተምረው ተጠጋ ወይም ፈጽመህ ራቅ የሚለውን ነው። የእኛ ልጅ ደግሞ ሲፈራ ግማሽ እርምጃ ያፈገፍጋል፣ በትክክል መመታት ያለበት ቦታ ላይ ይቆማል። የእግር ኳስ ቅልጥም መከላከያ በየቤቱ አለ፤ እሱን ያጥልቁ።

ሰዓቱስ? በታኅሣሥ የእንግሊዝ ሊግ ከዓመቱ ሁሉ የሚጨናነቅበት ነው፤ የገና ማግስት ግጥሚያቸው የሚውለው በእኛ ታኅሣሥ 17 ነው። ቅዳሜ የመጀመሪያው ጨዋታ በእኛ 9 ሰዓት ተኩል፣ ብዙዎቹ 12 ሰዓት፣ የማታው 2 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ጠዋቱ ባዶ ነው። ገናን ከሰዓት በኋላ አድርጎ ተመልካች ጠፋ ማለት ምን ይሉታል? ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀመር። ጾመኛው ሳይደክም ያበቃል፣ ከጁምዓም አይጋጭም፣ ማንም ዲኤስቲቪ ቤቱን አይተውም። ቅዳሜ ገበያ የሚውልባቸው ከተሞች ቀን ይቀይሩ።

አየርላንድ ውስጥ በ2005 እ.ኤ.አ. የተከራከሩት የሃርሊንግ ሰዎች ክሮክ ፓርክን ለእግር ኳስና ለራግቢ ይክፈቱ ወይስ አይክፈቱ በሚለው ነበር፤ ከፈቱ፣ በ2007ም እንግሊዝ ራግቢ ልትጫወት ገባች። እኛ ጋ ጥያቄው ተገልብጦ ነው የሚመጣው። ሜዳ የያዘው እግር ኳስ ስለሆነ ገና የሚለምን ነው። ሣሩን ዱላ ይቧጭረዋል የሚል መልስ ይሰጣል፤ ለዋናው ሜዳ ልክ ነው፣ ለመለማመጃው ሜዳ ግን ምክንያት አይሆንም።

የባህልና የስፖርት ቢሮዎች በበኩላቸው ገናን በመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ላይ ነጭ አልብሰው ሃያ ደቂቃ ማሳየቱን ቢቀንሱ ደስ ይለኛል። ለልብሱ የሚወጣው ገንዘብ ለልጆች ዱላ ይዋል። በመስከረም እንጨት ተቆርጦ፣ በኅዳር በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሃያ አራት አጫጭር ዱላና አራት ሩር ይግባ። ከዚያ የሰፈር ለሰፈር ግጥሚያ ፕሮግራም በታኅሣሥ የመጀመሪያው ሳምንት፣ ከእንግሊዝ ሊጉ ፕሮግራም ጎን፣ እዚያው ዲኤስቲቪ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የስፖርት መምህር፣ ከደሴ