ለራስሽ ብዬ ነው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ባለፈው ሳምንት ወንድምሽ ያን በልጅነታችሁ ከቪዲዮ ቤት እየተከራየን የምናየውን ካርቱን ስልኩ ላይ ከፈተልኝ፤ የፓሪሱን የኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ፣ ዲዝኒ በፈረንጆቹ 1996 ያወጣውን። ትዝ ይልሻል? የደዋዩ አሳዳጊ ፍሮሎ ምድጃው ፊት ቆሞ ሲዘፍን፣ እሳቱ ሲነሣ፣ ሪሞቱን አንሥቼ አሳልፈው ነበር። እንዳትፈሪ ብዬ።

አሁን ያስፈራኝ እሳቱ አይደለም። ፍሮሎ ምሳ ይዞ ማማው ላይ ወጥቶ ደዋዩን ኳሲሞዶን ፊደል የሚያስጠናበት ቦታ ነው። ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም። ውጪ ያለው ሰው ጨካኝ ነው፣ መልክህን አይቶ ይሣለቅብሃል፣ ያለሁልህ እኔ ብቻ ነኝ ይለዋል። ልጁ አምኖት አደባባዩ ላይ የሚያያቸውን ሰዎች በእንጨት እየቀረጸ ከእነሱ ጋር ይኖራል።

እዚያ ላይ ወንድምሽን አቁም አልኩት። አንቺም ወንድምሽን በርጩማ ሠሪው ዘንድ እየላክሽ፣ በቁርጥራጭ እንጨት በመስኮት የምታያቸውን ሰዎች ትሠሪ ነበር፤ ወተት የምታመጣውን ሴትዮ፣ ባለባጃጁን። እኔም የልጄ እጅ ወርቅ ነው እያልኩ ለሰው አወራ ነበር። አንቺን ግን ሰው አያይሽም። እንግዳ ሲመጣ "ጓዳ ግቢ፣ እግርሽን አይተው ይጠቋቆማሉ፤ ለራስሽ ብዬ ነው" እልሽ ነበር።

መጽሐፉንም አነበብኩት፤ ቪክቶር ሁጎ በ1831 ያሳተመውን፣ በእንግሊዝኛ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ። ካርቱኑ ለልጅ ብሎ ብዙ ነገር ምሮናል። በመጽሐፉ ኳሲሞዶን ደወሉ አደንቁሮታል፤ የሚወዳት ኤስሜራልዳም ተሰቅላ ትሞታለች። ቆይቶ ሞንፎኮን በሚባለው የተሰቀሉ ሰዎች ሬሳ በሚጣልበት ቦታ ሁለት አፅም ይገኛል፤ አንዱ ሌላውን አቅፎ። ያቀፈው አከርካሪው ጎባጣ፣ አንድ እግሩ ከሌላው ያጠረ ነው። አንገቱ አልተሰበረም፤ ማንም አልሰቀለውም፣ ራሱ መጥቶ ነው እዚያ የተኛው። ሊያላቅቁት ሲሉ ትቢያ ሆነ። አንድ እግሩ ያጠረ የሚለውን ስንት ጊዜ እንደመላለስኩት አልነግርሽም።

ስሙ ደግሞ የእኛ ዳግማይ ትንሣኤ ነው። ካቶሊኮች ያን እሑድ ኳሲሞዶ ይሉታል፤ በላቲን "እንደ ተወለዱ ሕፃናት" ከሚለው የዕለቱ ጸሎት መነሻ የመጣ ነው። ካርቱኑ ላይ ግን ስሙ "ያላለቀ" ማለት ነው ተብሎ ይተረጎማል። እናት ሆኜ ይህን መስማት ከበደኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የአክስትሽ ልጅ ስትዳር ሰው ይበዛል ብዬ ከሠራተኛዋ ጋር ትቼሽ ሄድኩ። ሙሽሮቹ በመኪና ጥሩምባ እያስነፉ ያለፉት በደጃችን ነው። ማታ ስመለስ ተኝተሻል፤ መጋረጃው ግን ተገልጦ ነበር፣ በርጩማሽም መስኮቱ ሥር ነበር። ዘጋሁት፣ ምንም አልጠየቅኩሽም። ስታዪን ነበር? ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ እማዬን ይከፋታል ብለሽ አትተይው።

እናትሽ
ጅማ