ኦክስጅን አክታ አያወጣም

ሰላም ለአዘጋጁ፣

ስለ ኦክስጅን እጥረት ስትጽፉ አያለሁ። ጥሩ ነው፣ ጻፉ። እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ቅር የሚለኝ ሰው ሁሉ፣ አስታማሚውም አለቃውም፣ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው የሚያድነው ሲሊንደሩ ብቻ ሲመስለው ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት የሳንባ ምች የያዛቸው አባት በቃሬዛ መጡ። በጀርባቸው ተንጋለው፣ በሁለት ጋቢ እስከ አንገታቸው ተጠቅልለው። ደረታቸው እንደ ጋያ ይንኮረኮራል። ጣታቸው ላይ ያደረግነው የደም ኦክስጅን መለኪያ 84 በመቶ አለ፤ ኦክስጅን ከፈትንላቸው፣ 88 ላይ ቆመ። ልጃቸው «ሲስተር፣ ጨምሪላቸው እንጂ!» ይለኛል። ችግሩ ግን የትንፋሽ መንገዱ መዘጋቱ ነው፤ አክታው እዚያው ተቀምጦ የቱንም ያህል ብንጨምር ምን ዋጋ አለው?

የአልጋው ራስጌ ማንሻ ከተሰበረ ቆይቷል። ስለዚህ የጥበቃውን ፕላስቲክ ወንበር አምጥተን፣ ገልብጠን ከፍራሹ ስር ራስጌ በኩል ሻጥነውና እሳቸውን ቀና አድርገን አስደገፍናቸው። አንዲት ዘመዳቸው «ኧረ አታንገላቷቸው፣ ይረፉበት» አሉ። እማማ፣ እረፍቱ ይሄ ነው! ሰው ሲንጋለል ሆዱ ወደ ላይ እየገፋ ለሳንባው ቦታ ያሳጣዋል፣ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ቀና ሲል ግን ደረቱ ይከፈታል።

ከዚያ ሳሉ። ሳልም ዘዴ አለው። በአፍንጫ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ አፍን ከፍቶ ከሆድ «ሃህ» እያሉ ማስወጣት። ይህን ሁሉ ስነግራቸው ዝም ብለው ያዩኛል። «አባቴ፣ ብርድ ሲያደነዝዝዎት እጅዎን በትንፋሽዎ እንደሚያሞቁት» ስላቸው ወዲያው ገባቸው። በሦስተኛው ወፍራም ቢጫ አክታ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ መለኪያው 92 ሆነ፤ ኦክስጅኑን አልነካሁትም።

አክታውን ለማላቀቅ ጀርባ መምታትን በተመለከተ፣ አስታማሚዎች ጠፍጣፋ መዳፋቸውን ያሳርፉበታል። እጅ ውሃ እንደሚጠጣበት ጎድጎድ ይበል። አከርካሪ ላይ አይመታም፣ ከጎድን በታች ኩላሊት ላይም አይመታም፣ እንደበላም አይመታም። ደም የሚተፋ ወይም ጎድኑ የተሰበረ ሰው ጭራሽ አይነካም። ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁን።

ራሱን የሳተና መሳል ያቃተው ሲሆን በሳክሽን፣ አክታ በቱቦ በሚስበው ማሽን፣ እንስባለን። «ሁሉንም አውጪለት» ትሉናላችሁ፣ ግን ቱቦው ከአክታው ጋር አየሩንም ነው የሚስበው። ለዚህ ነው አስቀድመን ኦክስጅን የምንሰጠው፤ ቱቦው ሲገባ አይስብም፣ ሲወጣ ብቻ፣ እሱም በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ ሳይበልጥ። እኔ የራሴን ትንፋሽ ይዤ ነው የምስበው። እኔን ከጨነቀኝ በሽተኛውንም ጨንቆታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በእግር የሚረገጠው ማሽን ቢኖረን ምን ነበረበት? ዋጋው እንኳ ለወሬ የሚበቃ አይመስለኝም።

ሌላ ነገር፣ እባካችሁ ኦክስጅን ባለበት ክፍል ጧፍ አታብሩ። ጸሎቱን ማን ከለከለ፣ እሳቱን ነው።

እናንተም ስለ ሲሊንደር በምትጽፉበት አምድ አንድ ቀን ስለ አልጋ ማንሻ ጻፉልን። ብየዳ የሚችል አንድ ሰው ግማሽ ቀን ቢሰጠን የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ስንት ጊዜ ጠይቀናል። ያን ሌሊት አባትን ያስደገፍንበትን ወንበር ጥበቃው ጠዋት መጥቶ ወሰደው፣ እሱም ሌሊቱን ቆሞ ነው ያደረው።

ነርስ፣ ከምሥራቅ ጎጃም