ማንቂያው በከንቱ ከጮኸ መጀመሪያ ኬብሉ ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ካሜራን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው እንቅስቃሴ የሚጠብቁ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ የሐሰት ማንቂያ ሲበዛባቸው ቀድመው የሚነኩት የሶፍትዌሩን ሴንሲቲቪቲ (ለትንሽ ለውጥ ምን ያህል ቶሎ እንደሚነቃ የሚወስነውን ቅንብር) ነው። ርቀቱ ረጅም ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ሶፍትዌሩ ተከታታይ ምስሎችን እያነጻጸረ የተለወጡትን ፒክስሎች ይቆጥራል፤ ተራ ፕሮግራም ሰውን ከኤሌክትሪክ ረብሻ አይለይም። ሴንሲቲቪቲውን ዝቅ ስታደርጉት ማንቂያው ጋብ ይላል፣ እውነተኛ ሰው ሲገባም ዝም ሊል ይችላል።

የዩኤስቢ 2.0 ኬብል ወሰኑ 5 ሜትር ነው። ተራ ማራዘሚያ እየቀጣጠሉ 15 ሜትር ማድረስ ካሜራው እየተቋረጠ እንዲገናኝ ያደርገዋል። በተገናኘ ቁጥር ብርሃኑን እንደ አዲስ ስለሚያስተካክል ሙሉው ምስል እንደተለወጠ ይቆጠራል። ለረጅም ርቀት የኔትወርክ ካሜራ መውሰድ ይሻላል።

በጣም የሚያስቸግረው የኃይል ማነስ ነው። ባለ 12 ቮልት ካሜራ 60 ሜትር ርቆ ኃይሉ ካት 5ኢ በተባለው የኔትወርክ ኬብል አንድ ጥንድ ሽቦ ቢላክለት፣ የደርሶ መልሱ ሬዚስታንስ (ሽቦው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ) 11 ኦም ገደማ ይሆናል። ቀን 200 ሚሊ አምፔር ሲስብ የሚባክነው 2.2 ቮልት ስለሆነ ካሜራው እንደምንም ይሠራል። ሲመሽ ኢንፍራሬዱ (ካሜራው በጨለማ እንዲያይ የሚረዳው የማይታይ መብራት) በርቶ ፍጆታው 400 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ግን 4.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀርና ካሜራው ጋ የሚደርሰው 7.6 ቮልት ብቻ ነው። ካሜራው ይጠፋል፤ ጭነቱ ሲቀልለት ይነሣል፤ ኢንፍራሬዱ ሲበራ መልሶ ይወድቃል። ስለዚህ ቮልቴጁ በመልቲሜትር መለካት ያለበት ፓወር ሰፕላዩ ጋ ሳይሆን ካሜራው ጫፍ ላይ፣ ያውም በጨለማ ነው።

ፒኦኢ (ኃይልንም ምስልንም በአንድ የኔትወርክ ኬብል የሚያስተላልፍ ዘዴ) ይህን ከሥሩ ያቃልለዋል። 48 ቮልት ገደማ በሁለት ጥንድ ሽቦ ስለሚልክ 5 ዋት የሚፈልግ ካሜራ የሚስበው 100 ሚሊ አምፔር ያህል ብቻ ነው፤ በዚያው 60 ሜትር የሚባክነው 1 ቮልት አይሞላም። ወሰኑ 100 ሜትር ነው፣ ከዚያ ካለፈ መሃል ላይ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኝ መሣሪያ) ያስፈልጋል። ኬብሉ ግን ንጹሕ መዳብ ይሁን። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሬዚስታንሱ ከግማሽ በላይ ይጨምራል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥር ነጭ ከወጣ መዳብ አይደለም።

በኮአክሲያል (እንደ ቴሌቪዥን አንቴና ባለ ክብ ኬብል) የሚሠሩ አናሎግ ካሜራዎች ሌላ መዘዝ አላቸው። ካሜራውና ኮምፒውተሩ በተለያየ ቦታ ከግራውንድ (ከመሬት) ጋር ከተያያዙ፣ በኬብሉ የብረት ሽፋን ላይ ጅረት ይፈስና ምስሉ ላይ ወፍራም አግድም መስመሮች ይንከባለላሉ። ሶፍትዌሩ እነዚህንም እንቅስቃሴ ይላቸዋል። ካሜራውን ከብረት ምሰሶው በፕላስቲክ መለየት ወይም አይሶሌተር (ሁለቱን ወገን በኤሌክትሪክ የሚለይ መሣሪያ) ማስገባት ያጠፋቸዋል። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲሆን ግን ፋይበር (መልእክቱን በብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ኬብል) ብቻ እንመክራለን፤ መስታወት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ የግራውንዱም ልዩነት፣ የመብረቁም ግፊት በእሱ አልፎ ኮምፒውተሩን አያገኘውም።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው ወደ ሶፍትዌሩ መሄድ ያለብን። ለእንቅስቃሴ ፍለጋው 640 በ480 የሆነውን አነስተኛ ምስል በሰከንድ 5 ፍሬም መጠቀም ይበቃል፤ ትልቁ ለቀረጻ ይቆይ። የሚወዛወዝ ዛፍ ያለበት ክፍል ከፍለጋው ይውጣ።

ካሜራ የምታስተክሉ ሰዎች፣ ሥራውን ከመረከባችሁ በፊት በእያንዳንዱ ካሜራ ጫፍ በሌሊት የተለካው ቮልቴጅና የኬብሉ ርዝመት ተጽፎ ይሰጣችሁ ዘንድ ጠይቁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የካሜራና የኔትወርክ ተከላ ባለሙያዎች