ማን ተሸከመዎት?

ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በኮሪያ ጦርነት ከደቡብ ኮሪያ ጎን ስለተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ ስለ ቃኘው ሻለቃ ነው። እውነቱን ለመናገር ስለ አንዲት ቁጥር ነው፤ ስለ ዜሮ።

የኮሪያው ውጊያ በሐምሌ 1945 ቆመና ምርኮኞች ተለዋወጡ። በኢትዮጵያ በኩል የሚመለስ ሰው አልነበረም። ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ የተማረከ ግን የለም። ይህን በየአጋጣሚው በኩራት እናወራዋለን። እኔም አወራለሁ።

ግን ዜሮዋ ከሰማይ አልወረደችም። በጨለማ ለቅኝት የወጣ ቡድን ተኩስ ሲከፈትበት የሚወድቅ አለ። የወደቀው እዚያው ቢቀር ይማረካል። ስለዚህ አንዱ ያመለጠበትን መንገድ ተመልሶ በደረቱ መሳብ አለበት። ጓዱን አዝሎ፣ መሣሪያውን ሳይጥል፣ ያንን ዳገት መውጣት አለበት። የሞቱትም ቢሆኑ አገራቸው ገብተው ቅድስት ሥላሴ ያረፉት፣ መጀመሪያ ከኮረብታው ያወረዳቸው ሰው ስለነበረ ነው።

ያ ሰው ማን ነበር? እንጃ። እሱም ምናልባት በሚቀጥለው ሌሊት ወድቋል።

የቃኘው መኮንን የነበሩት ማሞ ሀብተወልድ በ1945 ጥቂት ሰዎች ይዘው ለቅኝት እንደወጡ በጠላት ተከበው ነበር። ያን ሌሊት ከራሳቸው አንደበት የሰማነው የውጭ ጋዜጠኛ መጥቶ ስለጠየቃቸው ነው። እኛ የት ነበርን? በደርግ ጊዜ መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ስለነበር ስለ ቃኘው ማውራት አይመችም ነበር፤ ይህ ይገባኛል። ከዚያ ወዲህ ላሉት ዓመታት ግን ምክንያት አላገኘሁም።

በ1943 የ20 ዓመት ወጣት ሆኖ የዘመተ ዛሬ ዘጠናን አልፏል። የቀሩት ጥቂት ናቸው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ መቅረጸ ድምፅ ይዛችሁ ቤታቸው ሂዱ። ሐውልቱ ይቆየን፣ እሱ አይሞትም።

ስትሄዱም እባካችሁ «ምን ተሰማዎት?» ከሚለው አትጀምሩ። ሜዳልያውም በኋላ ይደርሳል። «ማን ተሸከመዎት? እርስዎስ ማንን ተሸከሙ?» በሏቸው። ስም ሲጠሩ ጻፉት። ዝም ካሉም አትቸኩሉ፣ መቅረጫውን ክፍት ተዉት።

ከአክብሮት ጋር