ግንዱን ከመጫናችሁ በፊት ሰፈሩን ጠይቁ

ክቡር አዘጋጅ፣

ፈረንሳይ ለጋሲዮን እንጀራ ጋግሬ የምተዳደር ሴት ነኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ። ግን መብራት ሲጠፋ ሊጥ አይጠብቅም። ኩፍ ብሎ ካለፈበት ይኮመጥጣል፤ ደንበኛም አንዴ ኮምጣጣ ከቀመሰ ዳግም ደጄን አይረግጥም። ስለዚህ ጓሮ ያለችውን የሲሚንቶ ምርጥ ምድጃ አልጣልኳትም። ችግሩ ማገዶው ነው። እናቴ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ፣ ጥበቃ እያባረራት ነው ያሳደገችን። የእኔ ጀርባ ያንን አይችልም። ፍልጥ እየገዛሁ ጋግሬም አላተርፍም።

ባለፈው ጥር ሽቦ የነካ ባሕር ዛፍና አንድ ግራቪሊያ ሊቆርጡ ሠራተኞች ሰፈራችን መጡ። የመጋዙ ጩኸት ነው ያስወጣኝ። ግንዲላው መንገድ ዳር ተከምሯል። አለቃቸውን «ልጄ፣ የት ልትወስዱት ነው?» አልኩት። «መኪና መጥቶ ይጭነዋል እማማ፣ ሩቅ ወስደን እንደፋዋለን» አለኝ። ቡና አፈላሁላቸው። ቶናው ላይ ስንደርስ «እስከ 9 ሰዓት ካነሱት የእርስዎ ነው» አለኝ። እኔም ደፈር ብዬ «እንግዲያው በምድጃዬ ልክ ቁረጡልኛ» አልኩ። ስቀው በክንድ በክንድ አድርገው ቆራረጡልኝ። የሰፈር ልጆች በጋሪ አስገቡልኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቸኩዬ በሳምንቱ አነደድኩት። ጭሱ ጉድ አፈላ። እኔ ዓይኔን ላጣ ነበር፣ እንጀራውም እሳት አንሶት ዓይን አጣ። ባሕር ዛፍ በእርጥቡ መፈለጥ አለበት፤ ከደረቀ መጥረቢያ ይመልሳል። ስለዚህ የቀረውን ቶሎ አስፈለጥኩ። ድንጋይ አንጥፌ ከመሬት ከፍ አድርጌ ደረደርኩት። ከላይ ቆርቆሮ ጣል አደረግኩበት፣ ጎኑን ለነፋስ ተውኩት። ግንቦት ላይ ሲነድ ማየት ነበረባችሁ!

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ከፋሲካ በኋላ ከእኛ ከፍ ብሎ ሌላ ቡድን መጣ። ጠየቅን፤ «ክልክል ነው» ተባልን። ጭነው ሄዱ። በማግስቱ ያው ግንድ መንገድ መታጠፊያው ላይ ሲሸጥ አገኘሁት። ለመቆረጥ የተቀባውን ቀይ ቀለም አልሳሳተውም። ለማን ነበር የተከለከለው?

ዛፍ ይቆረጥ እያልኩ አይደለም። ጥያቄዬ ከተቆረጠ በኋላ ስላለው ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ከተማው ማገዶ ስላጣ ነው። ታዲያ ማገዶ ያጣ ሰው ደጅ ቆርጦ ሩቅ ወስዶ መድፋት ምን ይሉታል?

የሚቆርጡት ከአንድ ቀን በፊት ለእድራችን ዳኛ ይንገሩ። እድሩ አቅመ ደካሞችንና ጋጋሪዎችን ያውቃል፣ ያከፋፍላል። ሰውም መጋዙ ዝም ሳይል፣ ሽቦውም ሳይጠራ ዛፉ ሥር እንዳይደርስ ይጠብቃል። ጥር ላይ በቆረጡ ዕለት አንድ ሕፃን ጭራሮ ልልቀም ብሎ ቅርንጫፍ ሲወድቅ ገብቶ ነፍሴን አውጥቷት ነበር።

ከቤቴ በላይ ቀይ የተቀባ ሌላ ባሕር ዛፍ አለ። ቀኑን ብቻ ይንገሩን፤ ቡናው ከእኔ ነው።

እንጀራ ጋጋሪዋ
ከፈረንሳይ ለጋሲዮን