ካቡን ያነሳሁት ለአባባ ነው

ወዳጄ፣ እንደምን ከርመሃል? እናትህስ ደህና ናቸው?

ሁለት ዓመት ዝም አልኩህ። አባባ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም፤ ስልክ እንኳን አልደወልኩም። መጀመሪያ ዛሬ ነገ ስል ዘገየሁ። ከዚያ አፈርኩ። እፍረቱ ደግሞ በቆየሁ ቁጥር እየባሰ ሄደ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ምን እንዳስጻፈኝ ልንገርህ። በሐምሌ ካሜራዬን ይዤ ብቻዬን ከጆሃንስበርግ ወጣሁ። ሐምሌ እዚህ ብርድ እንጂ ጭቃ የለውም። ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው፤ ለፎቶ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላውቅም።

ክላረንስ የምትባል ትንሽ ከተማ አድሬ ጎልደን ጌት፣ ማለትም «የወርቅ በር» የተባለው ብሔራዊ ፓርክ ገባሁ። ገደሎቹ የአሸዋ ድንጋይ ናቸው፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እውነትም ወርቅ ይመስላሉ። ብዙ አነሳሁ። ያምራሉ፣ ግን ማንም እዚያ የቆመ ሰው የሚያነሳው ፎቶ ነው።

ከዚያ ወደ ካሩ ወረድኩ። ሜዳ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ማለቂያ የለውም። አጥር፣ በግ፣ ውሃ የሚስብ የንፋስ መዘውር፣ ደግሞ አጥር። ነዳጅ ልቀዳ በቆምኩባት አንዲት ትንሽ ከተማ የሆሳዕና ልጅ ሱቅ ከፍቶ አገኘሁ። ቡና ካልጠጣህ አትሄድም አለኝ። ሦስተኛውን ጠጥቼ ነው የተነሳሁት።

ግራፍ ሬኔት በ1786 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረች ከተማ ናት። ነጫጭ ቤቶቿን ሁሉም ያነሳል። እኔ ግን አፓርታይድን የታገለው ሮበርት ሶቡክዌ መቃብር ሄድኩ። ተወልዶ የተቀበረው እዚያው ነው። ካሜራውን ከቦርሳው ሳላወጣ ቆሜ ተመለስኩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከፕሪንስ አልበርት ከተማ በስተደቡብ ስዋርትበርግ የሚባል ተራራ አለ፤ ጥቁር ተራራ ማለት ነው። የሚሻገረው መንገድ እስከ ዛሬ ፒስታ ነው። ጣርማ በርን አስብ፣ ግን አስፋልት የለውም፣ ኩርባው ደግሞ ይበልጥ ይጠባል። ከግርጌው ቋጥኙ እንደ ጨርቅ ተጣጥፏል። አናቱ 1,583 ሜትር ነው። መንገዱ የተከፈተው በ1888 እ.ኤ.አ. ሲሆን መሐንዲሱ ቶማስ ቤይን ነው። ድንጋዩን የተሸከሙትና የካቡት ግን እስረኞች ናቸው።

ካቡን ብታየው! ሲሚንቶ የለው፣ ጭቃ የለው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ መኪና ተሸክሞ ቆሟል። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው የእያንዳንዱ ድንጋይ ፊት ለብቻው ይታያል። እጄን አሳረፍኩበት፤ ብርዱ አጥንት ይገባል።

ያኔ አባባ ትዝ አሉኝ። ከግቢያችሁ ኋላ ያለውን ካብ ሲሠሩ ድንጋይ እናቀብላቸው ነበር፣ ታስታውሳለህ? አንዱን ድንጋይ አራት አምስት ጊዜ ያገላብጡታል። «ፊቱን ፈልጉለት» ይሉን ነበር። እኛ ይሰለቸን ነበር። እዚያ ተራራ ላይ ማን እንደሆነ የማይታወቅ እስረኛ ልክ እንደሳቸው ፊቱን ፈልጎ ያስቀመጠውን ድንጋይ አየሁ። መኪናው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። በሁለት ዓመቴ ለቅሶ የደረስኩት ያን ጠዋት ነው።

አንዱን ፎቶ በትልቁ አሳትሜዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰው ይመጣል፣ ይዞልህ ይመጣል። ለእናትህ ስጣቸው። ለጥምቀት እኔም እመጣለሁ። ከኤርፖርት በቀጥታ መቃብራቸው ጋ ውሰደኝ።

እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ወንድሜ።